ኳላ ሴላንጎርን ለመጎብኘት፦ መጀመሪያ የጨረቃዋን ቀን ይቁጠሩ

ኳላ ሴላንጎር ከኳላ ላምፑር በስተሰሜን ምዕራብ፣ የሴላንጎር ወንዝ ከማላካ ሰርጥ በሚገናኝበት አፍ ላይ ያለች ትንሽ የማሌዥያ ከተማ ናት። መንገዱ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መኪና ካልተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ሰው ወደዚያ የሚሄደው በዋናነት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማታ ማታ በወንዙ ዳር ዛፎች ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉት አብሪ ጥንዚዛዎች ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ባሕሩ ሲጎድል ብቅ የሚለውና ሰማዩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው «የሰማይ መስታወት» የተባለ የአሸዋ ደለል ነው። ኮረብታው፣ የዓሣ አጥማጆቹ መንደርና የሰኪንቻን የሩዝ ማሳ በነዚህ መካከል የሚገቡ ናቸው።

አብዛኛው ጎብኚ ቅዳሜን ይመርጥና ሄዶ ያዝናል። ወይ ሙሉ ጨረቃ ወጥታ ጥንዚዛዎቹን አደብዝዛቸዋለች፣ ወይ አሸዋው ውሃ ውስጥ ነው። ሁለቱንም የምትወስነው ጨረቃ ስለሆነች ሆቴልና መኪና ከመያዝ በፊት የእሷን ቀን መቁጠር ይቀድማል።

1. ቀኑን መምረጥ

ጥንዚዛዎቹ የሚፈልጉት ጨለማ ነው። የአሸዋው ደለል የሚፈልገው ደግሞ ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ የሚጎድልበትን ቀን ነው። ይህ የሚሆነው ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ሲሰለፉ፣ ማለትም አዲስ ጨረቃ ስትወለድና ጨረቃ ስትሞላ ነው። ጉድለቱ የሚጠነክረው በዕለቱ ሳይሆን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መሆኑንም ልብ ይበሉ።

የሂጅራን፣ ማለትም በጨረቃ የሚቆጠረውን የእስልምና ወር ቀን የሚያውቅ ሰው ሥራው ቀሎለታል፤ ሌላው በስልኩ ላይ የጨረቃ መተግበሪያ ይክፈት። በጨረቃ ወር ቀን ስሌቱ እንዲህ ነው፦

- ከ29 እስከ 4፦ ከሁሉ የሚሻለው። ማታው ጨለማ ነው፣ ባሕሩም በደንብ ይጎድላል። ሁለቱም በአንድ ጉዞ ይገኛሉ።
- ከ5 እስከ 12፦ ማምሻውን ጨረቃዋ ሰማይ ላይ ናት፣ በየቀኑም ትደምቃለች። ከ7 ወዲያ የባሕሩ ጉድለትም ስለሚደክም ለአሸዋው አይሆንም። ይህን ሳምንት መዝለል ነው።
- ከ13 እስከ 16፦ አሸዋው አለ፣ ጥንዚዛዎቹ ግን ይደበዝዛሉ። ጨረቃዋ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታ ሌሊቱን ሙሉ አትለቅም።
- 17 እና 18፦ ብዙ ሰው የማያስተውላቸው ቀናት ናቸው። ጨረቃ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ በነዚህ ቀናት ከመሸ በኋላ ለአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጨለማ ይኖራል። ባሕሩም ገና በደንብ ይጎድላል። በመጀመሪያው ጀልባ የወጣ ሰው ሁለቱንም ያገኛል።
- ከ19 እስከ 28፦ ለጥንዚዛ ጥሩ ነው። ለአሸዋው ግን የወሩ መጨረሻ እስኪቃረብ ድረስ አይሆንም።

ከጨረቃዋ ቀጥሎ የሚታየው የሳምንቱ ቀን ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ይመረጣል፤ ቅዳሜና እሑድ፣ በማሌዥያ የትምህርት ቤት ዕረፍትና በሐሪ ራያ፣ ማለትም በዒድ ሰሞን፣ ወረፋው ያሰለቻል። ዝናብን በተመለከተ ጥቅምትና ኅዳር እንዲሁም ሚያዝያ ገደማ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይበዛል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ጀልባ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ማደር ጥሩ መድን ነው፤ የመጀመሪያው ማታ ከጠፋ ሁለተኛው ይቀራል።

2. ከመነሣት በፊት የሚያልቁ ነገሮች

ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የተወጋ ሰው ካርዱ በእጁ እያለ ችግር ሊገጥመው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ማሌዥያ ለሚገቡ የውጭ ዜጎች ዲጂታል የመግቢያ ቅጽ አለ። ከመድረስዎ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ከክፍያ ነፃ ነው። ለቅጹ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት የመንግሥት አይደለም፣ ወጥተው ትክክለኛውን ይፈልጉ። ቪዛ የተለየ ጉዳይ ነው፣ ቅጹ ቪዛን አይተካም።

የኤሌክትሪክ ሶኬቱ እንደ እንግሊዝ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስለሆነ የኛ ሁለት ክብ ጥርስ ያለ ማገናኛ አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ሰዓት ነው። የማሌዥያ ሰዓት ከኢትዮጵያ በ5 ሰዓት ይቀድማል፤ ይህን ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል። ስልክ የማያስተካክለው የአቆጣጠራችንን ልዩነት ነው። ጀልባ ያዡ «8፡00» ብሎ ከላከልዎት የኛ 2 ሰዓት ነው። የጠዋት ይሁን የማታ ያረጋግጡ፤ «ፓጊ» ካለ ጠዋት፣ «ማላም» ካለ ማታ ነው። ከዚህ በታች ሰዓቱ የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ሲሆን የእነሱ በቅንፍ ተቀምጧል።

3. መጓጓዣ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ፈጣኑ ባቡር ኳላ ላምፑር ሴንትራል ድረስ 28 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ ምርጫው ሁለት ነው፦ መኪና መከራየት ወይም ግራብ በተባለው በስልክ መተግበሪያ በሚጠራ የታክሲ አገልግሎት መሄድ። የከተማ ባቡር ይዘው ሱንጋይ ቡሎህ ድረስ ከሄዱ በኋላ ግራብ ቢጠሩ ዋጋው ይቀንሳል። የሕዝብ አውቶቡስም ወደ ከተማዋ ይሄዳል። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው፦ የጥንዚዛው ጉብኝት የሚያልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት (9፡00) ገደማ ስለሆነ ያኔ አውቶቡስ አይታመንም። ካምፖንግ ኳንታን የምትባለው የጥንዚዛዎቹ መንደር ከከተማው 9 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ያለች ናት። እዚያ በጨለማ ቆሞ በስልክ ግራብ መጥራት አንዳንዴ ይሳካል፣ ብዙውን ጊዜ ግን መኪናው አይገኝም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሲሄዱ ያደረስዎትን ሹፌር ዋጋ ተስማምተው ያስጠብቁት፣ ወይም የሚያድሩበት ሆቴል መኪና እንዲያዘጋጅልዎ ከቀትር በፊት ይንገሯቸው።

የሚነዳ ሰው ማሌዥያ በግራ እንደሚነዳ ያስታውስ። መሪው በቀኝ ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጣ ሹፌር መጀመሪያ የሚሳሳተው ፍሬቻ ልስጥ ሲል የዝናብ መጥረጊያውን በማንቀሳቀስ ነው፤ እሱስ አያስከፋም። የሚያስፈራው በባዶ የገጠር መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በልማድ የተሳሳተውን መስመር መያዝ ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይያዙ። ወደ ኳላ ሴላንጎር የሚያደርሰው ላታር የተባለው ፈጣን መንገድ ክፍያ አለው። በኬላው ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቅረብ ወረፋ ዘግቶ መቆም ነው። «ተች ኤን ጎ» የተባለው ካርድ መኪናው ውስጥ መኖሩንና በውስጡ ሂሳብ መኖሩን ከአከራዩ ጋር ሆነው ይዩ፤ በነዳጅ ማደያዎች ይሞላል።

4. የመጀመሪያው ቀን፦ ከኮረብታው እስከ እራት

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል (3፡30) ገደማ ቢደርሱ ይበቃል። ከዚያ በፊት ሙቀቱ ለመውጣት አያመችም።

ቡኪት ማላዋቲ ከከተማው መሐል በእግር 15 ደቂቃ የማይሞላ ኮረብታ ነው። የሴላንጎር ሱልጣኖች ምሽግ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1784 ኔዘርላንዶች ከሱልጣን ኢብራሂም ላይ ወስደው በጠቅላይ ገዢያቸው ስም አልቲንግስበርግ አሉት፤ ሱልጣኑ ግን በዓመቱ መልሶ ነጠቃቸው። ዛሬ ከምሽጉ የቀሩት ወደ ባሕሩ ያነጣጠሩ መድፎችና የድንጋይ ግንብ ቁራጮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠራው ነጭ የመርከብ ጠቋሚ የመብራት ማማም አለ። የረመዳንና የዒድ አዲስ ጨረቃ በይፋ ከሚታይባቸው የማሌዥያ ቦታዎች አንዱም ይኸው ኮረብታ ነው። በሕዝብ በዓልና በሳምንቱ መጨረሻ የግል መኪና ወደ ላይ አይወጣም፤ ከታች አቁሞ በትንሿ ትራም ወይም በእግር መውጣት ነው።

እዚያ ሁለት ዓይነት ጦጣ አለ፣ መለየቱ ይጠቅማል። ብርማ ግራጫ ፀጉር ያላቸው፣ ጭራቸው ረጅም፣ ረጋ ያሉት «ሉቶንግ» የኛ ጉሬዛ ዘመዶች ናቸው፤ ቅጠል ይበላሉ፣ ሰው ላይ ቢወጡም አይነክሱም ማለት ይቻላል። ግልገሎቻቸው ሲወለዱ ደማቅ ብርቱካናማ ስለሆኑ በእናታቸው ሆድ ላይ ተለጥፈው ከሩቅ ይለያሉ። ቡናማዎቹ «ከራ» ግን ቀማኞች ናቸው። ፌስታል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ሲሰሙ ምግብ ነው ብለው ይመጣሉ፤ መነጽር፣ ስልክ፣ የጁስ ኩባያ ሁሉ ይነጥቃሉ። ከነጠቁ ወዲያ መታገል መነከስን ይጋብዛል። ቦርሳዎን ዘግተው ከፊት ይያዙ፣ በእጅዎ ምግብ አይያዙ። ሻጮች ለሉቶንጎቹ የሚሆን ረጅም ፎሶሊያ ያቀርባሉ፤ አለመመገቡ ይሻላል፤ ከመገቡም ዳቦና ብስኩት አይስጡ። ሆዳቸው ቅጠል አብላልቶ ለመፍጨት የተሠራ ስለሆነ ዳቦ ያሳምማቸዋል።

በኮረብታው ግርጌ የተፈጥሮ ፓርክ አለ። በጨዋማ ውሃ በሚበቅለው የማንግሮቭ ደን መሐል በተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ ላይ እየሄዱ በጭቃ ላይ የሚዘሉ ትንንሽ ዓሦችን፣ አንድ እጃቸው ከሌላው የገዘፈ ሸርጣኖችንና የውሃ ወፎችን ያያሉ። ወፍ ለማይወድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት (6፡00) ላይ እራት። ይህ ቅደም ተከተል ይጠበቅ፦ ከጀልባው በኋላ እበላለሁ ያለ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ወጥ ቤቶች መዝጋት ጀምረው ያገኛቸዋል። ፓሲር ፐናምባንግ የተባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ከወንዙ ማዶ ነው፤ ምግብ ቤቶቹ ውሃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆሙ ናቸው። ዓሣ፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ የሚሸጡት በሚዛን ሲሆን ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የ100 ግራም ነው። የአንድ ሳህን መስሎት ያዘዘ ሰው ሂሳቡ ሲመጣ ይደነግጣል። ስለዚህ ከመታረዱ በፊት ዓሣውን በዓይን አይቶ፣ አስመዝኖ፣ ጠቅላላ ዋጋውን በስልክ ካልኩሌተር ላይ አስጽፎ መስማማት ነው።

ቤቶቹ ብዙዎቹ የቻይናውያን ናቸው፤ ሙስሊም ተጓዥ የሐላል ምልክቱን በር ላይ ይፈልግ። የሚጾምም ሆነ ሽሪምፕ የማይበላ ሰው ከሁሉ በላይ «በላቻን» የተባለውን የሽሪምፕ ድልህ ይጠንቀቅ። የጎመን ጥብስ የሚመስለው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በሱ የተሠራ ነው፣ በዓይን አይታይም፣ ሽታው ብቻ ይነግራል። «ታክ ናክ በላቻን» ማለት አልፈልግም ማለት ነው። ፍጹም ጾም ለሚይዝ ከባሕር ምግብ ቤቶቹ ይልቅ ከተማው ውስጥ ያሉት የሕንዶች ምግብ ቤቶች ይሻላሉ፤ በምስር ወጥ ሩዝ ወይም ዶሳ የተባለው ስስ ቂጣ ያለ ችግር ይገኛል። ቅቤ እንዳይገባ «ታክ ናክ ጊ» ይበሉ።

5. ጥንዚዛዎቹ

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል (7፡00 እስከ 7፡30) ባለው ትጠልቃለች። ጀልባ ጣቢያው ላይ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይገኙና ቲኬት ይያዙ፤ 2 ሰዓት (8፡00) ገደማ የሚወጣው የመጀመሪያ ጀልባ ይመረጣል። ከመክፈል በፊት ዋጋው በጀልባ ነው ወይስ በሰው ብለው ይጠይቁ። በጀልባ ከሆነ ብቻውን የመጣ ሰው ከሌሎች ጋር ተዳብሎ መክፈል ይችላል።

ሁለት ዓይነት ጣቢያ አለ። በካምፖንግ ኳንታን ጥቂት ሰው ብቻ በምትይዝ «ሳምፓን» በተባለች የእንጨት ጀልባ ቀዛፊ ይዞዎት ይወጣል። ቡኪት በሊምቢንግ ደግሞ ሰፋ ያለ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ጀልባ አለ። ዝምታ የሚፈልግና ወደ ዛፉ መጠጋት የሚወድ ሳምፓኑን ይምረጥ። ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ለሞተሩ ይሂድ፤ ሳምፓን ላይ ሲሳፈሩ አንድ ሰው ድንገት ቢነሣ በጣም ይወዛወዛል። በሁለቱም ላይፍ ጃኬት ታስሮ ነው የሚወጣው፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ከሰጡዎት ያስቀይሩ።

የሚያበሩት ጥንዚዛዎች ከሩዝ ፍሬ እምብዛም አይበልጡም፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። በወንዙ ዳር «በረምባንግ» በተባሉ ዛፎች ላይ በሺህ ይሰበሰቡና ወንዶቹ በአንድነት በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ብልጭ ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ዛፉ ዝብርቅርቅ ያለ ይመስላል። ዓይን ጨለማውን ለምዶ 5 ደቂቃ ያህል ሲያይ ነው ቅርንጫፉ ሁሉ አብሮ ሲበራና ሲጠፋ የሚታወቀው። ዓይን እንዲለምድ ደግሞ የስልክ ስክሪን መጥፋት አለበት። አንድ ሰው ስልኩን ቢከፍት የጀልባው ሰው ሁሉ እንደገና ይታወራል።

ፎቶን በተመለከተ ቁርጡን እንናገር፦ አይወጣም። ጀልባው ስለሚንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ ከፍቶ ማንሳት ብዥታ ብቻ ይሰጣል። ፍላሽ ደግሞ ጥንዚዛዎቹን ያደናግራቸዋል፣ የተከለከለም ነው። ዛፉን መነቅነቅ፣ ጥንዚዛ ይዞ ጠርሙስ ውስጥ መክተትም እንዲሁ አይፈቀድም።

የወባ ትንኝ መከላከያ ርጭት ጀልባው ላይ አይረጩ፤ ነፍሳት የሚያባርር ነገር ለመጡበት ነፍሳትም አይበጅም። ረጅም እጅጌና ሱሪ ለብሰው ይውጡ። ከተቀቡም ከሆቴል ሳይወጡ ይቀቡ።

የጥንዚዛዎቹ ቁጥር በዓመታት እየቀነሰ መምጣቱን የአካባቢው ሰዎች ይናገራሉ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። እጮቹ የሚያድጉት በወንዙ ዳር ባለው እርጥብ አፈር ውስጥ ቀንድ አውጣ እየበሉ ነው። ዳርቻው ለዘንባባ ዘይት እርሻ ሲመነጠር ወይም የወንዙ ውሃ ጨውነት ሲለዋወጥ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

6. ሁለተኛው ቀን፦ የሰማይ መስታወት

ይህ ቦታ ከባሕር ዳር በጀልባ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ የሚርቅ የአሸዋ ደለል ነው፤ ብዙዎቹ ጀልባዎች የሚነሡት በጀራም አካባቢ ካለው ሳሳራን ነው። ያለ አስጎብኚ የሚደረስበት መንገድ የለም፤ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይመዝገቡ። የመነሻ ሰዓቱ በየቀኑ ይለያያል፤ የባሕሩ ጉድለት በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ «ትናንት ጠዋት 3 ሰዓት ነበር» ብሎ ዛሬም በዚያው ሰዓት መሄድ ያሳስታል። ለዚህ ነው ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ማደሩ የሚጠቅመው።

ሲመዘገቡ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ በዚያ ቀን አሸዋው በትክክል ይወጣል ወይስ ውሃው እስከ ጉልበት ይሆናል? በነፋስ ወይም በማዕበል ምክንያት ከተሰረዘ ገንዘቡ ይመለሳል? ላይፍ ጃኬትና ምሳ በዋጋው ውስጥ ናቸው?

ልብስ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ይሻላሉ፤ ሰማዩም ውሃውም ገርጣ ያለ ስለሆነ ነጭና ሰማያዊ የለበሰ ሰው ፎቶ ላይ ይጠፋል። የሐበሻ ቀሚስ የሚወስዱም አሉ፤ ነጩ ሳይሆን ጥለቱ ደማቅ የሆነው ይሁን፣ ጠርዙም ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል። የጨው ውሃና ጭቃ የነካ የሽመና ልብስ በኋላ ማጽዳቱ ጣጣ ነው። እግር ላይ የሚታሰር የላስቲክ ሰንደል ያድርጉ፤ ባዶ እግር በዛጎል ስባሪ ይቆረጣል፣ ሸበጥ ደግሞ ጭቃው ይዞ ያስቀረዋል። ስልክ በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይግባ። መቀየሪያ ልብስ፣ ፎጣና ሁለት ሊትር የሚጠጣ ውሃ ይያዙ፤ እዚያ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

የመስታወቱ ምስል የሚሠራው በአሸዋው ላይ ከቀረው ስስ ውሃ ነው። ነፋስ ሲነሣ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከጀልባ እንደወረዱ ፎቶውን ይጨርሱ፣ ዛጎል መልቀሙና መዝናናቱ ከዚያ በኋላ ይሁን። ካሜራውን እስከ ውሃው ወለል ዝቅ ማድረግ ነው ምስጢሩ፤ ቆመው በዓይን ከፍታ ቢያነሱ ጭቃ ብቻ ይታያል። የጀልባው ካፒቴን ሲጠራ ወዲያው ይመለሱ። ባሕሩ ሲመለስ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ዝቅ ያለውን ቦይ ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ዘግይቶ የቀረ ሰው ከጀልባው ይለያል።

7. ሰኪንቻን፣ ጊዜ ከተረፈ

በባሕር ዳሩ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሩዝ በዓመት ሁለቴ ይታጨዳል፤ አንዱ በግንቦትና ሰኔ፣ ሌላው በኅዳርና ታኅሣሥ ገደማ። ከአጨዳው አንድ ወር ተኩል ቀደም ብሎ የሄደ አረንጓዴ ባሕር ያያል፣ በአጨዳው ዋዜማ ወርቃማ። ከአጨዳ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ማሳው ጭቃና ገለባ ነው፣ ለሱ ብቻ ብሎ መሄድ አያዋጣም። በማሳዎቹ መሐል ያሉት መንገዶች ጠባብና በቦይ የታጠሩ ስለሆኑ መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁመው ብስክሌት ይከራዩ። ጎማ ቦዩ ውስጥ ከገባ ያለ ትራክተር አይወጣም።

ፓንታይ ረዳንግ በተባለው ባሕር ዳር ሰዎች ምኞታቸውን ጽፈው ቀይ ጨርቅ የሚወረውሩበት ዛፍ አለ፤ ለመዋኘት ግን አይሆንም፣ ውሃው ጭቃማ ነው። እሑድ የሚመለሱ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት (3፡00) በፊት ይነሡ፤ ከዚያ በኋላ የኳላ ላምፑር ቤተሰብ ሁሉ በዚያው መንገድ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ሰዓት ተኩሉ ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል።